ከዲስኩ በፊት ሽፋኑ

የቤት ሙዚቃቸውን ከሲዲ ወደ ዲጂታል እንዳዛውርላቸው የሚጠሩኝ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ቦታ ነው። «አምስት መቶ ሲዲ ስንት ጊጋ ይበላል?» ይህን መመለስ አይከብድም። ከሲዲ በቀጥታ የተወሰደ አንድ ደቂቃ ሙዚቃ 10 ሜጋባይት ያህል ነው። ፍላክ በሚባለው ፎርማት ሲታመቅ፣ ከድምፁ ምንም ሳይጎድል፣ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። አምስት መቶውም ሲዲ 200 ጊጋባይት አካባቢ ያርፋል፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ትንሽ የሚባል ሃርድ ዲስክ ይችለዋል። በኤምፒስሪ ይሁንልኝ ከሚሉት ጋር ግን አልስማማም። ኤምፒስሪ ጆሮ አይለየውም ብሎ የገመተውን ድምፅ ቆርጦ ይጥላል፤ የተጣለውም ተመልሶ አይመጣም። ለመኪና የሚሆን ኤምፒስሪ ከፍላክ በፈለጉት ቀን ይወጣል፤ ከኤምፒስሪ ግን ዋናውን ድምፅ ማግኘት አይቻልም።

የማይጠየቀው ጥያቄ ስለ ስሞቹ ነው።

አብዛኛው የሙዚቃ ሲዲ ውስጥ የዘፋኙም የዘፈኑም ስም የለም። ዲስኩ የያዘው ድምፁን፣ የዘፈኖቹን ብዛትና እያንዳንዱ የት እንደሚጀምር ብቻ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ስሞቹ ብቅ የሚሉት ፕሮግራሙ ይህንኑ ብዛትና ርዝመት ይዞ እንደ ሙዚክብሬንዝ ያለ የኢንተርኔት መዝገብ ስለሚጠይቅ ነው። መዝገቡ ውስጥ ያለው ደግሞ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው የጻፈው ነው። ለቢትልስ አልበም ብዙ ሰው ደክሟል። በአዲስ አበባ ወይም በዋሽንግተን ሙዚቃ ቤት ለታተመ የአማርኛ አልበም ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው «ትራክ 01፣ ትራክ 02» ነው፤ ወይም አንድ ሰው በላቲን ፊደል እንደመጣለት የጻፈው።

ስለዚህ እኔ ዲስኩን ከመንካቴ በፊት ሽፋኑን በስካነር አነሳለሁ፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ የውስጡን ወረቀት ገጽ በገጽ። የእኛ አልበም ሽፋን ላይ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እንደሆነ በየዘፈኑ ተዘርዝሮ ይገኛል። ሙዚቃ በፍላሽ እየተገለበጠ ከሱቅ ወደ ቤት በሚዞርበት ዘመን መጀመሪያ የጠፋው ይህ ዝርዝር ነው። ድምፁ ደረሰ፤ ገጣሚውና ዜማ ደራሲው በመንገድ ቀሩ። የደራሲዎቹ ስም ያልተከተለው ዘፈን ለእኔ ገና ግማሹ አልተዛወረም።

ስሞቹ ሲገቡ ስብስቡ ሌላ ነገር ይሆናል። መደርደሪያ ላይ ሲዲ የሚቀመጠው በዘፋኝ ነው። በዲጂታል ማከማቻ ግን «ዜማ» በሚለው መስክ አበበ መለሰ ተብሎ ሲፈለግ፣ በተለያዩ ድምፃውያን አልበሞች ተበትነው የኖሩ ዜማዎቹ በአንድ ገጽ ይሰለፋሉ። «ግጥም» ላይ ይልማ ገብረአብ፣ «ቅንብር» ላይ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዖታ ቢባልም እንደዚያው። ፍላክ የፈለጉትን መስክ ስለሚቀበል ሙዚቃ ለሚያውቁ ደንበኞቼ «ቅኝት» የሚል እጨምራለሁ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። አንድ ጡረታ የወጡ አኮርዲዮን ተጫዋች ቅኝቱን በአንድ ቁጭታ እየነገሩኝ፣ «ልጄ፣ ይህን ባቲ አልከው እንዴ? ደግመህ ስማው» እያሉ አብረውኝ አስገብተዋል። የእሳቸውን ጆሮ የሚተካ ፕሮግራም የለም።

የአማርኛ ስም ለሶፍትዌር አይመችም፤ እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ብዙ ፕሮግራሞች ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚያዩ ማሕሙድ አሕመድን «አ» ስር ይደረድሩታል። በፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ የታተመውን «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ከሌሎች አልበሞች ጋር ሲያደባልቁ ደግሞ፣ ያው አንድ ዘፋኝ በላቲን አጻጻፉ ልዩነት ብቻ ሁለት ሰው ሆኖ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ በራሳችን ፊደል እንዳንጽፍ የሚከለክለን የለም፤ ግን «ሠ» እና «ሰ» ለኮምፒውተሩ የማይገናኙ ፊደሎች ናቸው። ጥላሁን ገሠሠ ተብሎ የተመዘገበውን «ገሰሰ» ብሎ የፈለገ ልጅ ባዶ ገጽ ያያል። እኔ በሚታየው መስክ የሽፋኑን አጻጻፍ እጠብቃለሁ፤ በመደርደሪያው መስክ ደግሞ ቀለል ያለውን አስገባለሁ። ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ነው። አንዱ ሽፋን 1993 ሲል የእኛን፣ ሌላው 2001 ሲል የፈረንጁን ቆጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ሳይጣራ ከገባ የአንድ ዘፋኝ ሥራዎች ቅደም ተከተላቸው ይፋለሳል።

ግልበጣው ራሱ ከዚህ ያነሰ አድካሚ ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። የሙዚቃ ሲዲ ሲጫር ማጫወቻው ያላነበበውን ክፍተት በግምት ሞልቶ ያልፈዋል፤ ጆሯችንም ላያስተውል ይችላል። ግምቱ ፋይል ውስጥ እንዳይገባ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒን በመሰለ፣ ያጠራጠረውን ቦታ ደጋግሞ በሚያነብ ፕሮግራም እገለብጣለሁ። ፕሮግራሙ ውጤቱን ሌሎች ካገኙት ጋር ያነጻጽራል። የእኛን ዲስኮች ከእኔ በፊት የገለበጠ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ በሁለት የተለያዩ ማንበቢያዎች ሁለት ጊዜ ገልብጬ እርስ በርስ አመሳክራለሁ። ዲስክ ሲጸዳ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ ይጠረጋል እንጂ ዙሪያውን አይታሽም። ጽሑፍ ያለበትን ፊቱን ደግሞ ከታችኛው ይበልጥ ይጠንቀቁለት፤ ድምፁን የያዘው ስስ ሽፋን ከእሱ ሥር ነው፤ እዚያ የደረሰ ጭረት መድኃኒት የለውም።

ፋይሎቹ የሚያርፉት ናስ በሚባል፣ ከቤቱ ራውተር ጋር በኬብል በሚገናኝ ትንሽ ሣጥን ላይ ነው። ስልኩም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ሳሎን ያለው ስፒከርም በዋይፋይ ከእሱ ያዳምጣሉ። ለአዲስ አበባ ቤቶች የምመርጠው ኢንተርኔት ቢቋረጥም የቤቱ ኔትወርክ እስከሠራ ድረስ ሙዚቃው ስለማይቋረጥ ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ ፋይል እንዳይበላሽ ዩፒኤስ ከሚባለው የመጠባበቂያ ባትሪ ጋር ነው የምተክለው። ውስጡ ሁለት ሃርድ ዲስክ ስላለ ብቻ ግን ስብስቡ ዋስትና አገኘ ማለት አይደለም። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት ነገር ይይዛሉ፤ ልጅ በስሕተት አንድ ፎልደር ቢያጠፋ ከሁለቱም ይጠፋል። ሦስተኛ ቅጂ በሌላ ቤት፣ ውጭ አገር ያለ ልጅ ካለም እሱ ዘንድ መቀመጥ አለበት።

«ከሌላ ደንበኛህ ያለውን ጨምርልኝ» የሚሉኝ አሉ። አልጨምርም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግለሰብ ለግሉ እንዲገለብጥ ፈቅዷል፤ ለሌላው ማደል ሌላ ጉዳይ ነው። ከሽፋኑ ላይ ስማቸውን ስጽፍላቸው የዋልኩትን ሰዎች ገቢ መንጠቅም አልፈልግም።

መጀመሪያ የሚገለበጡት ቤት ውስጥ ራይት የተደረጉት ዲስኮች ይሁኑ፤ ድምፁ የተጻፈበት ቀለም ብርሃንና ሙቀት አይችልምና ከፋብሪካ ከወጡት ቀድመው ይሞታሉ። ሥራው ሲያልቅም ሲዲዎቹ አይሸጡ፣ አይጣሉ። ቁመው፣ ፀሐይ በማያገኛቸው ካርቶን ይቀመጡ፤ የካርቶኑ ቁጥር በየአልበሙ ፋይል ውስጥ ይጻፍ፤ አንድ ዘፈን ከዓመታት በኋላ አልከፈት ቢል ዲስኩን በቁጥሩ አውጥቶ እንደገና መገልበጥ ይቻላል።