«ልቤን ያመኛል» ስንል ምን ማለታችን ነው?



አንዲት እናት ወደ ኩፓት ሆሊም ሄዱ እንበል። ሐኪሙ «ምን ያመዎታል?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም «ልቤን ያመኛል፣ ሆዴም ይቃጠላል» አሉት። አብራቸው የሄደችው የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው የሰማችውን ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ መለሰችው። ሐኪሙ የልብ ምርመራ አዘዘ፣ የሆድ ክኒንም ጻፈ። ውጤቱ ሲመጣ «ምንም የለብዎትም» ተባሉ። እናት ግን አሁንም ሌሊት አይተኙም።

ልጅቷ አልዋሸችም፣ ሐኪሙም አልሰነፈም። ያመለጣቸው ነገር ይህ ነው፦ በእኛ ቋንቋ ኀዘን የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው። «ሆዴ ባባ»፣ «አንጀቴ አረረ»፣ «በሆዴ ይዤው ኖርኩ» እንላለን። እንዲህ ስንል ጨጓራችንን ማለታችን አይደለም። ዕብራይስጥ ብቻ የሚያውቅ ሐኪም ግን ይህን ከየት ያውቀዋል?

በእርግጥ የደረት ሕመም ሁሉ ከሐሳብ ነው ማለት አይደለም። ድንገት ደረት ሲጨንቅ ወይም ትንፋሽ ሲያጥር መጀመሪያ ወደ 101 መደወል ነው። ሰውነት ከተመረመረ በኋላ ሕመሙ አልለቅ ካለ ግን ስለ ሐሳብና ስለ ኀዘንም መናገር ያስፈልጋል።

ልጆችን አስተርጓሚ አናድርግ

የልጅ ልጆቻችን በመርዳታቸው ይመሰገናሉ። ነገር ግን አያት በልጅ ፊት «መኖር ሰለቸኝ» አይሉም፤ ልጅቷ እንዳትደነግጥ ይደብቁታል። ልጅም የሰማችው ከከበዳት ለሐኪሙ ቀንሳ ትነግረዋለች። እንዲህ ሲሆን ትልቁ ነገር መንገድ ላይ ይቀራል። ልጅቷም ብትሆን ከዕድሜዋ በላይ ሸክም ይዛ ወደ ቤት ትገባለች።

የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ከታካሚው ቋንቋና ባህል ጋር እንዲያስማሙ አዟል። ለኢትዮጵያውያን ጤና የሚሠራው «ጤና ብሪኡት» ማኅበርም በስልክ የሚሰጥ የአማርኛ የሕክምና ትርጉም አገልግሎት መሥርቷል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲያዙ «አማርኛ የሚተረጉም ሰው እፈልጋለሁ» ማለት ነውር የለውም፤ መብትዎ ነው። ወደ እኛ ወደ ሬቫሃ ሲመጡም እንዲሁ ይጠይቁ። አማርኛ የሚናገር ኦቬድ ሶትሲያሊ (የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ) ወይም ሜጋሼር ካለ ከእሱ ጋር ያገናኙዎታል።

ለቅሶ ያልተቀመጥንለት ኀዘን

ብዙዎቻችሁ ከጎንደርና ከትግራይ በእግር ተነሥታችሁ በሱዳን በኩል የመጣችሁ ናችሁ። በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉት የሱዳን ካምፖች ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን በረሀብ፣ በጥማትና በበሽታ እንዳለቁ ይነገራል። ሰው ማንነቱን ደብቆ ስለነበር ብዙው ቤተሰብ የሞተበትን እንደ ወጉ አላለቀሰም። ቀብሮ መንገዱን ቀጠለ እንጂ ሰባት ቀን አልተቀመጠም። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ሲመጣም ወደ ኋላ የቀረ ወላጅ፣ የቀረ ወንድም ነበር።

እዚህ ከደረስን በኋላ ደግሞ ሥራው፣ ቤቱ፣ ልጆች ማሳደጉ ለማሰብ ጊዜ አልሰጠንም። አሁን ጡረታ ሲወጣና ቤቱ ጸጥ ሲል የድሮው ነገር ይመለሳል። ይህ እብደት አይደለም። ሲጠብቅ የቆየ ኀዘን ነው።

በአሽዶድ ደግሞ ሲረኑ አለ። ሲረን ሲጮኽ ወደ ማማድ ወይም ወደ ሚክላት ለመድረስ ያለን 45 ሰከንድ ነው። ጉልበት ለደከመው ሰው ይህ በጣም አጭር ነው። በሌሊት ሽፍታ እየፈሩ በረሃ ያቋረጡ ሰው ሲረኑ ከቆመ በኋላም ልባቸው ሲመታ ቢያድር አይገርምም። ከጥቅምት 7፣ 2023 ወዲህ ባለሙያዎች ስለዚህ ነገር አብዝተው ይጠይቃሉ፤ እናንተም ሳትጠየቁ ንገሯቸው።

መቼ ነው እርዳታ የሚያስፈልገው?

ቀጥሎ ካሉት ነገሮች ጥቂቶቹ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ ዝም አይበሉ፦
• እንቅልፍ እምቢ ማለት፣ ወይም ቀኑን ሙሉ መተኛት
• ምግብ መጥላት፣ መክሳት
• ቡና መጠራራት፣ ምኩራብ መሄድ፣ ለቅሶ መድረስ መተው
• ያለ ምክንያት ማልቀስ ወይም መቆጣት
• «ለሰው ሸክም ሆንኩ» የሚል ሐሳብ

«ሞቼ ባረፍኩ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም። በዚያው ቀን ለሰው መንገር ነው።

«ብናገር ምን ይመጣብኛል?»

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንሰማዋለን። አንዳንዱ «ቂጽባዬን ይቀንሱብኛል» ይላል። የእርጅና ቂጽባ የሚከፈለው በቢቱዋህ ሌኡሚ ነው፤ ስላዘኑ ወይም ስላለቀሱ አይቀነስም። ሌላው «ወሬው ሰፈር ይዞራል» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ሕግ ሠራተኛው የሰማውን ሚስጥር እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። ሕጉ ሚስጥሩ እንዲወጣ የሚፈቅደው በተወሰኑ ሁኔታዎች ነው፤ ለምሳሌ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን፣ ወይም ራሱን መከላከል የማይችል ሰው ሲበደል።

ደግሞም ማንም ጸሎታችሁን ወይም ቄሶቻችሁን ተዉ አይላችሁም። ድሮ ሰው ሲከፋው ወደ ሽማግሌ ይሄድ ነበር፣ ሽማግሌውም ቁጭ ብሎ ይሰማው ነበር። ኦቬዴት ሶትሲያሊትም ሥራዋ የሚጀምረው ከመስማት ነው። ከዚያ እንደሚያስፈልገው ወደ ሐኪም፣ ወደ አረጋውያን ሞአዶን፣ ወይም ቤት ድረስ ለሚመጣ እርዳታ መንገዱን ታሳያለች።

ወዴት እንሂድ?

ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ጤና ሕክምና በኩፓት ሆሊም እጅ ነው። ስለዚህ ከቤተሰብ ሐኪምዎ መጀመር ይችላሉ። ሌሎቹ ስልኮች እነዚህ ናቸው፦
• 106 – የከተማው ሞኬድ፤ የሰፈርዎን የሬቫሃ ቢሮ ይጠይቁ
• 118 – የሬቫሃ ሚኒስቴር ሞኬድ
• 1201 – ኤራን፤ በጭንቀት ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው
• 101 – ማጌን ዳቪድ አዶም፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን

ሲደውሉ መጀመሪያ «አማሪት» ይበሉ፤ አማርኛ እንደሚፈልጉ ያውቃሉ።

በየዓመቱ ኢያር 28 ቀን፣ በዮም ዬሩሻላይም፣ በሀር ሄርጽል በመንገድ ላይ ላለቁት ወገኖቻችን የመንግሥት መታሰቢያ ይደረጋል። ያን ቀን አገር አብሮን ያዝናል። በቀሩት ቀናት ግን ኀዘኑን ብቻችንን መሸከም የለብንም። የጎረቤትዎ በር ከተዘጋ ከሰነበተ ያንኳኩ፤ ቡና ይጥሯቸው፣ ይህንንም ጽሑፍ ያንብቡላቸው።