ለጓሳ ጉዞ ትንሽ ሽጉጥ ይበጃል? እስቲ እናስላው

መንዝ ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተንጣለለ ደጋ ነው። ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ጅብና ነብር ይኖሩበታል። እዚያ ድንኳን ተክሎ ለማደር ያሰበ ሰው «ለአውሬ መከላከያ ትንሽ ሽጉጥ ብይዝስ?» ቢል አይገርምም። በተለይ ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቶቹ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጡበት ሽጉጥ፣ ቀላልና በኪስ የሚያዝ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እንወቅ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ ያስቀጣል። እሺ፣ ፈቃድ ቢኖርስ? እሱን ፊዚክስ ይመልሰው።

ትንሿ ሽጉጥ ከውጅግራ ጋር

ካሊበር ማለት የአፈሙዙ የውስጥ ስፋት ነው። ባለ 22 ካሊበር ሽጉጥ ስፋቱ 5.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አረሩ 2.6 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከአጭር አፈሙዝ ሲወጣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 300 ሜትር አካባቢ ነው። የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚሰላው ክብደቱን (በኪሎ ግራም) በፍጥነቱ ስኩዌር አባዝቶ ለሁለት በማካፈል ነው። ስናሰላው 117 ጁል ይሆናል።

አያቶቻችን ዓድዋ ላይ የተኮሱበትን ውጅግራ ደግሞ እንይ። የፈረንሳይ ሥራ ነው፤ ስሙም የመጣው «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያው ነው። 25 ግራም የሚመዝን አረሩ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ይወነጨፋል። ጉልበቱ 2,500 ጁል ያህል ነው፤ የትንሿን ሽጉጥ ከ20 እጥፍ በላይ ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን ትልቅ ጥይት በትንሽ ሽጉጥ አይተኮስም?» ትሉ ይሆናል። አረሩ ወደፊት ሲሄድ መሣሪያው ወደኋላ ይመታል። ውጅግራ ከ4 ኪሎ በላይ ስለሚመዝንና ትከሻ ላይ ስለሚደገፍ ምቱን ይችለዋል። ያንኑ ጥይት 1 ኪሎ በሚመዝን ሽጉጥ ብትተኩሱ ግን መሣሪያው በሴኮንድ ከ10 ሜትር በላይ ወደ እጃችሁ ይወረወራል። በዚያ ላይ አፈሙዙ ሲያጥር የባሩዱ ጋዝ አረሩን የሚገፋበት ርቀት ያጥራል። በሪቮልቨር ደግሞ በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ባለው ክፍተት ጥቂት ጋዝ ያመልጣል።

ጅብ ከ45 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ አንገተ ወፍራም እንስሳ ነው። በ117 ጁል ዋና የአካል ክፍሉ ካልተመታ ባለበት አይቆምም፤ ይቆስላል። የቆሰለ አውሬ ደግሞ ከደህናው የባሰ አደገኛ ነው። በጨለማ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ አልሞ መምታቱስ ይሆናል?

እውነተኛው አደጋ የቱ ነው?

ጭላዳ ሣር በል ነው፤ ሲደነግጥ ወደ ገደል ይሸሻል። ቀይ ቀበሮ 15 ኪሎ ገደማ የምትመዝን አይጥ አዳኝ ናት። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ተራ ቀበሮ መሰለችኝ» ተብሎ በስህተት አንዷ ብትገደል እንኳ ጉዳቱ ትልቅ ነው።

ከአውሬው ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮም ወደ ሰውም ይተላለፋል። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና ለክትባት ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ታዲያ ምን እንያዝ? ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ፣ ወፍራም ልብስና ዱላ። አካባቢውን የሚያውቅ መሪም አብሯችሁ ይሂድ። በሌሊት ብቻችሁን አትውጡ፤ ምግብም ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ። ጅብ ከቀረበ በአንድነት ቁሙ፣ ባትሪ አብሩ፣ ጩኹ፤ ጀርባ ሰጥታችሁ ግን አትሩጡ።

ጩኸት ካነሳን፣ ለቡሄ የሚጮኸውን ጅራፍ አስታውሱ። ድምፁ የሚፈጠረው ጅራፉ ሲወነጨፍ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ ከ340 ሜትር ገደማ፣ ስለሚያልፍ ነው። ከላይ ካሰላነው የሽጉጥ አረር ይፈጥናል ማለት ነው!