ዕቃውን ሳያይ ስለሚሸጥ ነጋዴ

የድንጋይ ከሰልና ጣውላ ክብደታቸው የበዛ፥ መጫናቸውና ማውረዳቸውም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ ኢንተርኔት ከመፈጠሩ ብዙ ዘመን አስቀድሞ በአሜሪካ የነበሩ አንዳንድ ጅምላ ነጋዴዎች መጋዘን መሥራትን ትተው በጽሕፈት ቤታቸው ተቀምጠው ትእዛዝ መቀበልን መረጡ፤ የተቀበሉትንም ትእዛዝ ወደ ማዕድን ማውጫው ወይም ወደ ጣውላ መሰንጠቂያው ሲያስተላልፉ፥ ጭነቱ በእነርሱ ደጃፍ ሳያልፍ ከምንጩ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ገዢው ይጓዝ ነበር። ዛሬ ድሮፕ ሺፒንግ በሚል ስም የታወቀውና ብዙ ወጣቶችን በተስፋ የሚያነሣሣው የኢንተርኔት ንግድ፥ መሣሪያው አዲስ ቢሆንም፥ ጠባዩን የወረሰው ከዚህ ከቀድሞው ልማድ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሻጩ በኢንተርኔት ሱቅ ከፍቶ፥ ከአቅራቢው ዝርዝር የዕቃውን ሥዕልና መግለጫ ወስዶ፥ የራሱን ዋጋ ጽፎ ያቀርባል፤ ገዢው በከፈለ ጊዜ ሻጩ የአቅራቢውን ሒሳብ ከፍሎ የገዢውን ስምና አድራሻ ያስታውቀዋል፤ ዕቃውን አሽጎ ወደ ገዢው ቤት የሚልከው አቅራቢው ሲሆን፥ በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ለሻጩ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ ኦታዋ ከተማ የተቋቋመው ሾፒፋይ የተባለ ኩባንያ በኢንተርኔት ሱቅ መክፈትን ለማንም ሰው ሲያቀልለት፥ የቻይናው ኩባንያ አሊባባ በ2010 የከፈተው አሊኤክስፕረስ የተባለ የኢንተርኔት ገበያ ደግሞ የቻይናን ዕቃ በየአገሩ ላለ ገዢ በችርቻሮ አቀረበ፤ ሁለቱን በማገናኘት ስመ ጥር የሆነው በሊትዌኒያ የተሠራው ኦበርሎ የተባለ ፕሮግራም ነበር፥ እርሱንም ሾፒፋይ በ2017 ገዝቶ እስከ 2022 ድረስ ከሠራበት በኋላ ዘግቶታል።

የዚህ ንግድ ታላቁ ጸጋ፥ ገንዘብ የሌለውን ሰው ከንግድ አደባባይ አለመከልከሉ ነው። በተለመደው ሥርዓት ነጋዴው ሸማቹ የሚወደውን ሳያውቅ ብዙ ዕቃ ገዝቶ ያከማቻል፤ ዕቃው ፈላጊ ባጣ ጊዜም መነሻ ገንዘቡ በመደርደሪያ ላይ ታስሮ ይቀራል። ድሮፕ ሺፒንግ ግን መሸጥን ከመግዛት ስለሚያስቀድም ከዚህ ሥጋት ያሳርፋል፤ ሻጩ አሥር ዓይነት ዕቃ ለፈተና አቅርቦ ዘጠኙን ያለ ብዙ ኪሳራ ሊያነሣ ይችላል። የመጋዘን ኪራይና የጥበቃ ደመወዝም ስለሌለበት፥ በአሜሪካ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በጀርመን በፍራንክፈርት ቀኑን በሥራ የሚውል ወገናችን ማታ ከቤቱ ሆኖ ሊያስተዳድረው የሚችል ንግድ ነው።

ነገር ግን ሻጩ የተገላገለው የመጋዘኑን ሸክም እንጂ የሻጭነትን ዕዳ አይደለም፤ በዚህ ሐተታ ከሁሉ አስበልጬ ላስረዳው የምፈልገውም ይህንኑ ነው። ደላላ ገዢንና ሻጭን አገናኝቶ፥ ድርሻውን ተቀብሎ መንገዱን ይሄዳል። ድሮፕ ሺፒንግ የሚሠራው ሰው ከደላላ ጋር ቢመሳሰልም፥ በገዢው ዘንድም ሆነ በሕግ ፊት ስሙ ሻጭ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1975 በፖስታ ስለሚታዘዝ ዕቃ ያወጣውና ኋላም ኢንተርኔትን እንዲጨምር ያሰፋው ደንብ ለዚህ ምስክር ነው፤ በዚህ ደንብ መሠረት ሻጩ ዕቃውን በተናገረው ጊዜ፥ ጊዜ ሳይናገር ቢቀርም በ30 ቀን ውስጥ መላክ አለበት፤ ካልቻለ መዘግየቱን ለገዢው አስታውቆ፥ ገዢው አልጠብቅም ካለ ገንዘቡን ሊመልስለት ግዴታ አለበት። አቅራቢዬ ዘገየብኝ ማለት ከኃላፊነት አያድነውም።

በ1999 በሳን ፍራንሲስኮ ጫማ በኢንተርኔት ለመሸጥ የተነሣው ዛፖስ የተባለ ኩባንያ ይህን በሥራ ተምሮታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዛፖስ የገዢዎቹን ትእዛዝ ወደ ጫማ አምራቾች እያስተላለፈ ጫማውን ከእነርሱ መጋዘን በቀጥታ ያስልክ ነበር፤ ዳሩ ግን አምራቾቹ አለን ያሉት ቁጥርና ቀለም በተፈለገ ጊዜ እየታጣ፥ መላኩም እየዘገየ ሲያስቸግር፥ የገዢው ወቀሳ ሁሉ የሚያርፈው በዛፖስ ላይ ሆነ። ስለዚህ በ2003 የኩባንያው መሪ ቶኒ ሼይ ከጠቅላላው ሽያጭ ሩብ ያህሉን ያስገኝ የነበረውን ይህን አሠራር ፈጽሞ ትቶ፥ ዕቃውን ከራሱ መጋዘን ብቻ ለመላክ ወሰነ። ከስድስት ዓመት በኋላ አማዞን ኩባንያውን በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። የገቢን ሩብ በፈቃድ መተው ብርቱ ልብ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ እኔም ስለዚህ ንግድ ከሚሰጠው ምክር ሁሉ ይልቅ ይህ ውሳኔ የበለጠ ያስተምራል እላለሁ።

ትርፉም ከሩቅ ሲያዩት የሚመስለውን ያህል አይደለም። ለምሳሌ ያህል አንድ የጠረጴዛ መብራት ከአቅራቢው በ12 ዶላር ተገኝቶ በ30 ዶላር ይሸጣል እንበል፤ አንድ ገዢ ለማግኘት 11 ዶላር ለማስታወቂያ ቢወጣ፥ ለካርድ ክፍያ አገልግሎትም በአሜሪካ እንደተለመደው 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ቢቆረጥ፥ ለሻጩ የሚተርፈው 5 ዶላር ከ83 ሳንቲም፥ ከአሥር መብራትም 58 ዶላር ከ30 ሳንቲም ይሆናል። ከአሥሩ ገዢዎች ሁለቱ ገንዘባችን ይመለስልን ቢሉና መብራቱን ወደ መጣበት ሩቅ አገር መመለስ ባይቻል፥ ሻጩ 60 ዶላር መልሶ፥ የደከመበት ትርፍ ሁሉ ጠፍቶ፥ 1 ዶላር ከ70 ሳንቲም ከኪሱ ይጨምራል። ያንኑ ዕቃ ከዚያው አቅራቢ፥ በዚያው ሥዕል የሚያቀርቡ ሌሎች ሻጮች ብዙ ስለሆኑ፥ ጉድለቱን ዋጋ በመጨመር ለመሙላትም አይመችም።

የጉምሩክና የታክስ ሕግም ከውጭ አገር በቀጥታ ወደ ገዢው የሚላኩ ጥቅሎችን ወጪ በሚጨምር መንገድ ተለውጧል። የአውሮፓ ኅብረት ዋጋቸው ከ22 ዩሮ ያልበለጡ ጥቅሎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ይሆኑበት የነበረውን ፈቃድ በጁላይ 2021 ሽሯል፤ አሜሪካም እስከ 800 ዶላር ያሉትን ያለ ቀረጥ ታስገባበት የነበረውን ፈቃድ በሜይ 2025 ከቻይናና ከሆንግ ኮንግ በሚመጡት ላይ፥ በኦገስትም ከሁሉም አገር በሚመጡት ላይ አቁማለች።

ይህን ሁሉ መናገሬ ንግዱን ለመንቀፍ አይደለም። እንደ አልጋና ቁም ሣጥን ያለ ከባድ ዕቃ የሚሸጥ ሰው፥ ገዢዎቹ ባሉበት አገር መጋዘን ያለውና ቃሉን የሚያከብር አቅራቢ ካገኘ፥ በዚህ መንገድ መሥራቱ የተገባ ነው፤ ገበያውን በዚህ ከፈተነ በኋላ የተፈለገለትን ዕቃ ራሱ ገዝቶ ወደ ማከማቸት የሚሸጋገርም መልካም አድርጓል። ያለ ድካም ባለጠግነትን ቃል እየገቡ ትምህርቱን በብዙ ገንዘብ ከሚሸጡት ሰዎች ግን መራቅ ይገባል። አንተም ይህን ንግድ ለመጀመር ያሰብህ ወጣት፥ ለማስታወቂያ አንድ ዶላር ከማውጣትህ በፊት ዕቃውን በራስህ ስምና አድራሻ እዘዝ፤ ስንት ቀን እንደፈጀ ቍጠር፥ ከፍተህም በእጅህ መርምረው፤ ለእናትህ ልትሰጠው የማታፍርበት ሆኖ ካገኘኸው ያን ጊዜ ለሽያጭ አቅርበው።