የልጅ ዶሮና የልጅ ገንዘብ

ልጅ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆነው ስለ ገንዘብ መጠየቅ ይጀምራል። ደብተሩንና ልብሱን ከወላጆቹ እጅ ዝም ብሎ የሚቀበለው ሕፃን፣ ኳስ ወይም የሥዕል ቀለም ሲያምረው ግን በገዛ ገንዘቡ መግዛትን ይመኛል። ምኞቱ ክፉ አይደለም። አስቸጋሪው ነገር ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። አንዳንዱ አባት «ልጅ ገንዘብ ካወቀ ይበላሻል» ብሎ አንዲት ብር አያስይዝም፤ ሌላው ደግሞ ልጁ ሳሕን ባጠበና አልጋ ባነጠፈ ቍጥር ይከፍለዋል። እኛ በማስተማር ሥራችን ሁለቱንም ዐይነት አይተናል፤ ሁለቱንም አንወድም። ልጅ በዐቅሙ ሠርቶ ጥቂት ገንዘብ ማግኘቱ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ሥራው ለልጅ የሚገባ፣ ገንዘቡም በእውነት የራሱ ሊሆን ያስፈልጋል።

አስቀድሞ ዋጋ የማይቈረጥለትን ሥራ እንለይ። ውኃ መቅዳት፣ ቤት መጥረግ፣ ለቡና ጎረቤት መጥራት፣ ታናሽን መጠበቅ፣ እነዚህን ሁሉ ልጁ የቤቱ ልጅ ስለ ሆነ ይሠራቸዋል። እናቱስ ወጥ ስትሠራ ለማን ሒሳብ ታቀርባለች? ለቤት ሥራ ሲከፈለው የኖረ ልጅ ገንዘብ ባላስፈለገው ቀን «ዛሬስ ይቅርብኝ» ይላል፤ እንዲህ ቢል ደግሞ ነጋዴ አድርገው ያሳደጉት ወላጆቹ ሊቈጡት አይችሉም። ጎረቤት ቢልከውም እንደዚሁ ነው። በአገራችን ለተላላከ ልጅ የሚሰጠው «እደግ፣ ተመንደግ» የሚለው ምርቃት ነውና፣ እጁን ለሳንቲም መዘርጋትን አናስለምደው። ጎረቤቲቱ በደስታዋ አንዳች ነገር ብታስይዘው ግን አመስግኖ ይቀበል፤ ለእናቱም ይንገር።

ለልጅ የማይገባ ሥራም አለ። የሊስትሮ ሣጥን ተሸክሞ ከትምህርት የቀረ፣ በታክሲ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮኽ የሚውል፣ ከገጠር ተወስዶ በሰው ቤት ከንጋት እስከ ምሽት የሚሸምን ወይም የሚያገለግል ሕፃን የኪስ ገንዘብ ያገኛል አይባልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይጠብቀዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011ም ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ከልክሏል፤ ቀድሞ የነበረው አዋጅ ወሰኑን 14 ዓመት አድርጎት ነበር። ችግር የጸናበት ቤት በልጁ ድካም እንጀራ እንደሚበላ እናውቃለን፤ እንዲህ ያለውን ቤት ሰበካውና ጎረቤቱ ሊደግፈው ይገባል እንጂ የእኛ ወቀሳ አይጠቅመውም። ይህን የምንጽፈው እራት ላልጎደለበት ቤት ነው።

አባቶቻችን ለልጆች የተዉላቸው የገቢ መንገድ ጥንትም ነበረ። ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ ወንዶች ልጆች ዱላቸውን እየመቱ በየደጁ ሆያ ሆዬ ሲሉ ሙልሙል ዳቦ ይቀበላሉ፤ በከተማ ዳቦው ወደ ብር ተለውጧል። መስከረም 1 ቀን ደግሞ ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ ይዞራሉ፤ ወንዶቹም የሣሉትን የአበባና የመልአክ ሥዕል ለጎረቤት ያበረክታሉ። ዛሬ ብዙዎቹ የታተመ ሥዕል ገዝተው ያድላሉ። ንግድ ነውና አንነቅፈውም፤ ነገር ግን በራሱ እጅ የሣለው ልጅ በልጦ ይታየናል። በእነዚህ በዓላት እኛን የሚማርከን ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ነገር ነው። ልጆቹ ከመካከላቸው የታመነውን ገንዘብ ያዥ ያደርጋሉ፤ ማታ ተቀምጠው ይካፈላሉ። ሰባት ሆነው 100 ብር ቢያገኙ ለእያንዳንዱ 14 ብር ይደርሰውና 2 ብር ይተርፋል። ታዲያ ያቺ 2 ብር ለማን ትሁን? ለአውራጁ ነውን? ወይስ ድምፁ እስኪዘጋ ለጮኸው? በክፍል ውስጥ ማካፈል ለምናስተምር ሰዎች ከዚህ የሚሻል ጥያቄ አላገኘንም። ወላጆች በዚያች ሰዓት ጣልቃ ባይገቡ ደስ ይለናል።

በዓሉ ግን በዓመት አንዴ ነው። በሌላው ጊዜ ስፌት የምትወድ ልጅ በመስከረም ስንደዶና አክርማ ለቅማ፣ ትንሽ ሙዳይ ሰፍታ ልትሸጥ ትችላለች፤ ወንድ ልጅም ቢሰፋ ጣቱ አይጎድልም። በፎቅ ላይ የሚኖር ቤተ ሰብ በአሮጌ ባልዲ ጎመን፣ በሶብላና ጤና አዳም ቢያስተክል ልጁ ለጎረቤት ይሸጣል። የ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከመታወጁ በፊት ፊደል የቈጠረ ልጅ ደብዳቤ በማንበብና በመጻፍ ጥቂት ሳንቲም ያገኝ ነበር። ዛሬ በዚያ ፈንታ ለአረጋውያን የስልክ መልእክት ያነብላቸዋል። ይህስ በምርቃት ብቻ ቢሠራ እንመርጣለን፤ የገንዘብ ማስተላለፊያውን የምስጢር ቍጥር ለሕፃን ማሳወቅ ለሁለቱም ወገን ፈተና ነው።

ግቢ ላለው ቤት ከሁሉ የምናስበልጠው አንዲት ዶሮ ናት። ለልጁ ቄብ ግዙለት፤ ስጦታ ትሁን ብድር በዚያው ቀን ቍረጡ። እኛ ብድሩን እንመርጣለን፤ ዋጋዋን ከዕንቁላሏ ሽያጭ ጥቂት በጥቂት ከመለሰ በኋላ ዶሮዋ ያለ ጥርጥር የእርሱ ትሆናለችና። ያገራችን ዶሮ ብዙ አትጥልም፤ በዓመት ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ነው፤ ያንንም በሦስት ወይም በአራት ዙር ትጥለዋለች። በአንዱ ዙር ከ12 እስከ 15 ያህል ከጣለች በኋላ ልትታቀፍ ትተኛለች። የፈረንጅ ዶሮ በዓመት ከ250 በላይ ልትጥል ትችላለች፤ ነገር ግን የተገዛ መኖና ብርቱ ጥንቃቄ ትሻለች፤ መታቀፍም አትወድም። ያበሻ ዶሮ ግን በቤት ፍርፋሪና በእህል ግርድ ላይ የራሷን ጭራ ትጨምርበታለች።

የዶሮዋ ዋና ትምህርት የሚመጣው በጾም ጊዜ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲሆን ምእመናን ዕንቁላል ስለማይበሉ ፈላጊው ያንሳል፤ ዋጋው ይወርዳል፤ በፋሲካ ዋዜማ ግን ሻጩ ይኰራል። ዕንቁላሉን ይዞ በሁዳዴ ገበያ የወጣ ልጅ አዝኖ ይመለሳል። ብልህ ልጅ ግን የረከሰውን ዕንቁላል ከመሸጥ ዶሮዋን ያስታቅፋል። በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ብትታቀፍ በ21 ቀን፣ ማለት እስከ ደብረ ዘይት ድረስ፣ ትፈለፍላለች። ከዐሥር ቀን በላይ የቈየውን ዕንቁላል ለይቶ የቅርቡን ይስጣት። በሰባተኛው ቀን ማታ ዕንቁላሉን በባትሪ ብርሃን ፊት ቢይዘው ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታዩታል፤ ምንም የማይታይበት ዘር የለውም። ጫጩቶቹ ሲወጡ ደግሞ ቀን ከጭልፊት፣ ሌሊት ከሸለምጥማጥ በቅርጫትና በደኅና መዝጊያ ይጠበቁ። ሁሉም አያድጉም። ከተረፉት መካከል ኰርማዎቹ ለገና ገበያ ይደርሳሉ። እናቲቱ ጫጩት ስታሳድግ ለሁለት ወር ያህል አትጥልምና፣ ልጁ የዛሬውን ጥቂት ብር ትቶ የገናውን መጠበቅ አለበት። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህ ታላቅ ትዕግሥት ነው።

ሒሳቡን ልጁ ራሱ ይጻፍ፤ በአንድ ወገን ገቢ፣ በሌላው ወጪ። አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪያችን የዶሮ ሒሳቧን በደብተር ይዛ ነበር። በወላጆች ስብሰባ ቀን አባቷ ደብተሩን ሲያገላብጥ «አባዬ፣ ለበዓል፣ 120 ብር፣ አልመለሰም» የሚል አገኘ። መጀመሪያ ሣቀ፤ ኋላ ግን ልጅ አባቷን በዕዳ መጻፏ ነውር አይደለምን ሲል ጠየቀን። ነውሩ በመጻፉ አይደለም ብለን መለስንለት። የልጅ ገንዘብ ትንሽ ስለ ሆነ ሲወሰድም ትንሽ በደል ይመስለናል፤ ለልጁ ግን የሀብቱ ሁሉ መጠን እርሱ ነው። የቈጠበው ገንዘብ የሚበላበት ልጅ ዳግመኛ አይቈጥብም፤ ሳይወሰድበት በፊት በከረሜላ ይጨርሰዋል። እኛ ያን ጊዜ ገንዘብ አጥፊ እንለዋለን። አባትየው በሦስተኛው ሳምንት ከፈለ፤ ልጅቱም በጽሑፉ ላይ መስመር ሰረዘችበት። ወላጅ ከልጁ መበደር ቢያስፈልገው ይበደር፤ ግን አስቀድሞ ይጠይቅ፣ የሚመልስበትንም ቀን ይናገር። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውንም ቢሆን ልጁ በገዛ እጁ ወደ ሙዳየ ምጽዋት ይክተት እንጂ አባቱ ቈርጦ አይውሰድበት።

ዶሮዋ ብትሞትስ ምን ይደረግ የሚሉን ወላጆች አሉ። ሌላ ገዝታችሁ በማግሥቱ አትተኩለት፤ ያጠራቀመው ካለው ከዚያ ይግዛ፣ ከሌለው እንደ መጀመሪያው አበድሩት። ከሁሉ የሚከፋው ፈንግል የሚባለው በሽታ ነው፤ የሰፈሩን ዶሮ በጥቂት ቀን ይጨርሳል። ከያዘ በኋላ መድኀኒት የለውም፤ አስቀድሞ ግን በዐይን ጠብታ ወይም በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ክትባት አለው። ስለ ክትባቱ የአካባቢውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለ ሆነ፣ ልጁ ከጎረቤት ልጆች ጋር የየቤቱን ዶሮ ቈጥሮ፣ ዋጋውን በዶሮው ቍጥር አካፍሎ፣ ሁሉንም በአንድ ማለዳ ከቆጥ ሳይወርዱ ሊያስከትብ ይችላል።