ዲክሌር፦ ዕቃው ከምን ከምን ተሠራ?

ስካይዌይ በሲያትልና በሬንተን መካከል ያለ ሰፈር ነው፤ ከሁለቱም ከተሞች አስተዳደር ውጭ ሆኖ በቀጥታ በኪንግ ካውንቲ ሥር ይተዳደራል። እዚህ ቤቱን የሚያድስ ሰው መደብር ገብቶ ስለ ወለል ንጣፉ ዋጋና ዋስትና ጠይቆ መልስ ያገኛል። ንጣፉ ከምን ከምን እንደተሠራ ቢጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ ሻጩም አያውቀውም። የወተት ካርቶን እንኳ ይዘቱን ይዘረዝራል፤ ሕፃን የሚድህበት ወለል ግን አይናገርም።

ይህን ለመለወጥ የተነሣው ተቋም ሩቅ አይደለም። ሥራውን ከሲያትል ሲያካሂድ የቆየው ኢንተርናሽናል ሊቪንግ ፊውቸር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2012 ዲክሌር የተባለ መለያ አወጣ። መለያውን የሚፈልግ አምራች ሦስት ጥያቄ ይመልሳል፦ ዕቃው የት ተሠራ? ከምን ተሠራ? አገልግሎቱን ሲጨርስስ ወዴት ይሄዳል? ስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ በመጨረሻም መልሶ ጥቅም ላይ ይውል እንደሆነ ወይም የቆሻሻ መጣያ ይጠብቀው እንደሆነ ይጻፋል። ከዚያ ንጥረ ነገሮቹ በስማቸው ይዘረዘራሉ።

ተቋሙ «ቀይ ዝርዝር» የሚለው መዝገብም አለው። እርሳስ፣ ሜርኩሪ፣ አስቤስቶስ፣ ፒቪሲ፣ ፎርማልዴሃይድና ሌሎች ለጤና ወይም ለአካባቢ ጎጂ የተባሉ ኬሚካሎች ሰፍረውበታል። አንድ ዕቃ ከዚህ ዝርዝር ነፃ ለመባል ይዘቱ በሙሉ፣ ከሚሊዮን 100 እጅ ድረስ ያለው ሳይቀር፣ መገለጽ አለበት። በቀይ ዝርዝር ያለ ኬሚካል የገባበት ዕቃም ቢሆን አምራቹ ይዘቱን ከገለጸ መለያ ያገኛል። ይህ ለእኔ የመለያው ትልቁ ብልኀት ነው፤ ይዘቱ ያልታወቀን ዕቃ ማንም ሊያሻሽለው አይችልም።

ለዚህ ማስረጃው በሲያትል ኢስት ማዲሰን መንገድ ላይ ቆሟል። ባለ ስድስት ፎቁ ቡሊት ሴንተር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 ሲመረቅ ከግንባታው ቀይ ዝርዝር ውስጥ ያሉ ነገሮችን ለማስቀረት ረጅም ፍለጋ ተደርጎ ነበር። ውሃና አየር ወደ ግድግዳው እንዳይሰርግ የሚቀባው ማሸጊያ ፍታሌት የተባለ ኬሚካል ነበረበት። አምራቹ ፕሮሶኮ ሲጠየቅ ቅመራውን ቀየረ፤ የተሻሻለውንም ለሌሎች ገዢዎች ማቅረብ ጀመረ። የአንድ ሕንፃ ሠሪዎች ጥያቄ ስንት ግድግዳ እንደደረሰ አስቡት።

የዕቃው ይዘት ካልታወቀ መልሶ መጠቀምም ብቻውን በቂ አይደለም እላለሁ። መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜል ምድጃ፣ ቁርጥራጭ ብረት መሣሪያ ሲሆን ያየ ሰው የእጁን ጥበብ ያከብራል፤ እኔም አከብራለሁ። ነገር ግን ቁርጥራጩ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ መርዙም አብሮ ሊቀልጥ ይችላል። የኪንግ ካውንቲ ባለሙያዎች ከአፍጋኒስታን የመጡ ስደተኞች ቤት ያገኟቸውን የአልሙኒየም ድስቶች መርምረው ብዙዎቹ እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚለቁ አዩ፤ ጥናታቸው በ2022 ታተመ። እንዲህ ያለ ድስት ብዙውን ጊዜ ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የሚሠራ ነው። የዋሽንግተን ግዛት በ2024 ሕግ አወጣ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከተወሰነ መጠን በላይ እርሳስ ያለበትን ማብሰያ መሸጥ ተከለከለ። እርሳስ በልጆች አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ስለማይመለስ፣ ወገኖቻችን ከአገር ቤት በሻንጣ የሚያመጡትን ብረት ድስት ሁሉ በጥንቃቄ ቢያዩ እወዳለሁ።

የዲክሌር መረጃ ቋት በኢንተርኔት ላይ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። ቤት የሚያሳድስ ሰው ለሠራተኛው «መለያ ያለው ቀለም ፈልግልኝ» ሊለው ይችላል። በቋቱ የሚበዙት የግንባታ ዕቃዎች ናቸው፦ ቀለም፣ ምንጣፍ፣ ማጣበቂያ፣ የግድግዳ ሰሌዳ። ድስት፣ አሻንጉሊትና የልጅ ጫማ የሚነድፉ ሰዎችም ያንኑ ሦስት ጥያቄ በግልጽ እንዲመልሱ መጠየቅ የገዢው ድርሻ ነው።