በየካና በእንጦጦ ዱር የሚገኙትን ግንደ ቆርቁሮች ለይቶ ስለ ማወቅ

ግንደ ቆርቁር የሚባለው ወፍ ዛፍ በመንቁሩ ሲቀጠቅጥ ስለሚታይ፥ እንጨት አጥፊ ነው የሚሉት አሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጠቅጠው የደረቀውን ወይም የበሰበሰውን ግንድ ነው፤ የሚፈልገውም ከቅርፊቱ ሥር ተሸሽጎ እንጨቱን የሚበላውን ትል ነው። ስለዚህ የዱር ጠባቂ እንጂ የዱር ጠላት አይባልም።

ከሌሎች ወፎች የሚለይበት ምልክት ይህ ነው። መንቁሩ ቀጥ ያለና እንደ መሮ የጠነከረ ነው፤ ከእግሩ ጣቶች ሁለቱ ወደ ፊት፥ ሁለቱ ወደ ኋላ ይዞራሉ፤ የጅራቱም ላባ ጠንካራ ስለ ሆነ ግንድ ላይ ሲወጣ እንደ ምርኩዝ ይደገፍበታል።

በደጋው ዱር ሊታወቁ የሚገባቸው ወፎች እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ የሐበሻ ግንደ ቆርቁር። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። የአውሮፓ ሊቃውንት በመጽሐፍ የመዘገቡት በእነርሱ አቆጣጠር በ1814 ዓ.ም. ነው። ጀርባው ወርቅማ፥ ከጅራቱ በላይ ያለው ቀይ፥ ደረቱና ሆዱ ጥቁር መስመር የበዛበት ነው። የወንዱ ማጅራት ቀይ ሲሆን የሴቲቱ ቡናማ ነው። ጥድ፥ ኮሶና ቁልቋል ባለበት ይኖራል።

2ኛ፤ ግራጫው ግንደ ቆርቁር። ከፊተኛው በአካል ይበልጣል። ራሱና ደረቱ መስመር የሌለበት ግራጫ ነው፤ በሆዱ ላይ ቀይ ምልክት አለው። ወንዱ ከዚህ በላይ በራሱ ኋላ ቀይ ቆብ የመሰለ አለው።

3ኛ፤ የግንደ ቆርቁር ዘመድ የሆነው አንገት ጠምዛዡ ወፍ። ጉሮሮው የዝገት መልክ አለው፤ ጀርባው ቡናማ ዝንጉርጉር ነው። ጅራቱ ለስላሳ፥ መንቁሩም አጭር ስለ ሆነ፥ ሌሎች በፈለፈሉት ጉድጓድ ይገባል እንጂ ራሱ አይፈለፍልም።

በስምጥ ሸለቆ ግራር ላይ የሚታየው ደረተ ነጠብጣብ ግንደ ቆርቁር ግን ሌላ ነውና ከእነዚህ ጋር አይደባለቅ።

የእንጦጦ ጥድ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ፥ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ተራራውን ሸፈነው። ባሕር ዛፍም ለጋ ሳለ ስለሚቆረጥ፥ ወፉ ጎጆ የሚፈለፍልበት አሮጌ ግንድ አይተርፍም። ነባሩ ጥድና ወይራ ተጠብቆ የሚገኘው ይልቁንም በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው።

ስለዚህ በየወረዳው ያለ ሹምና ባለ ይዞታ ሁሉ፥ ቆሞ የደረቀ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት የወፍ ቀዳዳ እንዳለበት ማስመርመር ይገባዋል። ለሰውና ለቤት የማያሰጋ ከሆነ ይቁም። አንድ ግንደ ቆርቁር ትቶት የሄደውን ጉድጓድ፥ መፈልፈል የማይችሉ ብዙ ተባይ በል ወፎች ይወርሱታልና። ባሕር ዛፍ በተነሣበትም ስፍራ ጥድ፥ ወይራና ኮሶ ቢተከል፥ ለወፉም ለዱሩም የሚበጅ ሥራ ይሆናል።