ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት፦ አሮጌውን ማስታንግ በቤት ግቢ ማደስ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች አሮጌ የአሜሪካ መኪና እንደ ተራ ዕቃ አይታይም። በሻርጃ የክላሲክ መኪናዎች ሙዚየም በክብር ቆሞ ይጎበኛል፤ በአቡዳቢም ሼኽ ሐመድ ቢን ሐምዳን አል ነህያን የሰበሰቧቸው መኪናዎች የራሳቸው ቤተ መዘክር አላቸው። ከእነዚህ ደጃፎች ውጭ ደግሞ በየቪላው ግቢ በሸራ ተሸፍነው ባለቤታቸው ጊዜ እስኪያገኝ የሚጠብቁ ብዙዎች ናቸው። ሸራውን ገልጦ፣ የተሰነጣጠቀውን ቀለም አይቶ «ይህንስ በራሴ እጅ እሠራዋለሁ» የሚል ሰው በአንድ ሳምንት የማያልቅ ሥራ ውስጥ መግባቱን አስቀድሞ ቢያውቅ ይበጀዋል።

«ማስል ካር» የሚባለው ወገን የታወቀው በ1964 የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲሶች በመካከለኛ መጠን ፖንቲያክ ላይ 389 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 6.4 ሊትር ሞተር ገጥመው ጂቲኦ ብለው ባወጡት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 17 ቀን ለሽያጭ የቀረበው ፎርድ ማስታንግ ከእነርሱ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ጥብቅ አዋቂዎች በሌላ ስም ይጠሩታል። ሆኖም የ1967ቱ ሞዴል ትልቁን ባለ 390 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ሲቀበል ክርክሩ ለሻይ ሰዓት ብቻ የሚሆን ሆኗል። ለቤት ውስጥ እድሳት ምሳሌ የሚሆነውም ይኸው የ1967ቱ ነው፤ መለዋወጫው ዛሬም አዲስ እየተመረተ ስለሚሸጥ።

ይህ መኪና ለብቻው የቆመ ሻሲ የለውም። ወለሉ፣ ጎኑና ጣሪያው በብየዳ ተያይዘው አንድ አካል ሆነዋል። ስለዚህ በወለሉ ላይ የሚገኝ ዝገት የውበት ጉድለት ብቻ ሳይሆን የመኪናውን ጥንካሬ የሚበላ ነው። ማስታንግን በሚገባ የሚያውቁ ሰዎች በመጀመሪያ የሚፈትሹት ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን የአየር ማስገቢያ ነው። በዚያ ወንፊት የገባ ቅጠልና አቧራ እርጥበት ይዞ ይቀመጣል፤ ብረቱም ከውስጥ ተበልቶ ውሃው ወደ ሾፌሩ እግር ሥር ይንጠባጠባል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ምንጣፉን አንስቶ በወንፊቱ ላይ ውሃ ማፍሰስና ከሥር መመልከት። ዕድሜውን በሪያድ ደረቅ አየር ያሳለፈ መኪና ከዚህ ፈተና የመትረፍ ዕድሉ በጂዳ ወይም በዱባይ ዳርቻ ጨዋማ እርጥበት ከቆየው ይልቅ ሰፊ ነው።

መፍታቱ ከመዶሻ ይልቅ ደብተር ይፈልጋል። ባምፐር፣ መብራት፣ የበር እጀታ፣ የኒኬል ጌጡ፣ መስታወቱ ሁሉ ይወልቃል፤ እያንዳንዱ ብሎን ስሙ በተጻፈበት ከረጢት ይገባል፤ ሁሉም ከመነካቱ በፊት ፎቶ ይነሣል። ከፓራፋንጎውና ከበሩ ማጠፊያ ሥር የሚገኙት ስስ መደላድል ብረቶች በተለይ ቦታቸው ይመዝገብ። ፋብሪካው በእነርሱ ነው በሮቹን ያስተካከለው። እነርሱን የጣለ ሰው ወራት ቆይቶ በሩ አልዘጋ ሲለው ምክንያቱን ሲፈልግ ይውላል።

ቀለሙን መግፈፍ ሦስት መንገድ አለው። አንዱ አሸዋ በግፊት መርጨት ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን የኮፈኑንና የጣሪያውን ላሜራ ግን ያጣምመዋል፣ የሲሊካ ብናኙም ሳንባን ይጎዳል። ሁለተኛው ኬሚካል ነው። ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት የቀለም ማስለቀቂያ ሰው በመግደሉ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2019 ለተራ ተጠቃሚ እንዳይሸጥ አግዶታል፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መጠቀሙ ዕብደት ነው። ለቤት የሚሻለው ሦስተኛው፣ አሰልቺው መንገድ ነው፦ ቁጥር 80 የብርጭቆ ወረቀት በመፈተጊያ ማሽን። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ብናኙ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግም፣ የሥራ ልብሱም ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብም። የተራቆተው ብረት በእርጥብ አየር ውስጥ ካደረ ጠዋት ቡናማ ሆኖ ይገኛል። በአንድ ቀን የተገፈፈ በዚያው ቀን የኢፖክሲ መሠረት ቀለም ይቀባል።

ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልሎ በጎኑ ላይ የሚያንሸራትት ሰው የመኪናውን ታሪክ ያነብባል። ማግኔቱ በማይዝበት ቦታ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን በሀበሻ ጋራዦች ስቱኮ፣ በባሕረ ሰላጤው መዕጁን የሚባለው መሙያ ነው። ስቱኮ በራሱ ነውር የለበትም፤ ከሦስት ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ስስ ንብርብር በመዶሻና በደጋፊ ብረት የተስተካከለን ላሜራ ለማለስለስ ዛሬም የሚተካው የለም። ነውሩ በዝገት ቀዳዳ ላይ ሲደፈን ነው። የዛገው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ ሲገባው፣ ተሞልቶና ተቀብቶ ይሸጣል። እርጥበት ከኋላ እየገባ በአንድ ወይም በሁለት ክረምት ውስጥ ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን ያብጣል፤ ያን ጊዜ ሻጩ ሩቅ ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ በአንድ የእህል ክምር በኩል ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው እርጥበት እንዳገኙ፣ ሻጩም ዝናብ እንደነካው ሲነግራቸው ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው እንደጠየቁት ኢማም ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ያወሳል። ከክምሩ ሥር ያለው እርጥበትና ከሚያብረቀርቀው ቀይ ቀለም ሥር ያለው ዝገት ፍርዳቸው አንድ ነው። በቤቱ መኪና የሚያድስ ሰው በየደረጃው የሚያነሣው ፎቶ እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም ያገኛል፤ መኪናውን የሸጠ ዕለት ለገዢው ያስረክበዋል፤ የተበየደውም የተሞላውም ግልጽ ይሆናል።

ብየዳው ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ላሜራ በረጅም መስመር ከተበየደ ሙቀቱ ያጠማዝዘዋል፤ ነጥብ በነጥብ፣ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው እየተዘለለ፣ ብረቱ በየመካከሉ እየቀዘቀዘ ይሠራል። ከዚያ የሚቀጥለው ፍትጊያ በረጅም ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ ወረቀት ነው እንጂ በጣት አይሆንም፤ ጣት የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል። በላዩ ስስ ጥቁር ቀለም ተረጭቶ ሲፈተግ፣ ጥቁሩ የቀረበት ዝቅታ፣ ቶሎ የለቀቀበት ከፍታ መሆኑ ይታወቃል። ከ80 ወደ 180፣ ከዚያ 320፣ በመጨረሻ 600። አንዱን ቁጥር የዘለለ ጭረቱን ከቀለሙ በኋላ በፀሐይ ብርሃን ያየዋል።

ስለ ቀለሙ ምርጫ በሾፌሩ በር ላይ ያለው የፋብሪካ ሰሌዳ ይናገራል። በላዩ ያለች አንዲት ፊደል የመጀመሪያውን ቀለም ትነግራለች፤ ለምሳሌ ኤም ዊምብልደን ዋይት የተባለው ነጭ ነው። ባለቤቱ ሌላ ቀለም ቢመርጥ መብቱ ነው፤ ሰሌዳው ግን የድሮውን መናገሩን አይተውም።

ብዙዎች ነፋስ የለም በማለት ከፈጅር ሶላት በኋላ መርጨትን ይመክራሉ። በመሀል አገር ደረቅ አየር ምክሩ ይሠራል። በባሕር ዳርቻ ግን ያ ሰዓት ጤዛ የሚወርድበት ነው፤ ብረቱ ከጤዛ ነጥብ ቢያንስ ሦስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ ስላለበት የክረምት ረፋድ ይሻላል። ወለሉ በውሃ ይረጫል አቧራ እንዳይነሣ፤ ኮምፕሬሰሩ ውሃና ዘይት ማጣሪያ ይገጠምለታል፤ ለሙቀት የተዘጋጀ ዘገምተኛ ማጠንከሪያ ይመረጣል፣ አለዚያ ቀለሙ ሳይንጣለል ደርቆ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል።

ከሁሉም የሚከብደው የዓይን ጉዳይ ሳይሆን የሳንባ ነው። የዛሬው ባለ ሁለት ክፍል የማጠናቀቂያ ቀለም ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። ሽታው አያስጠነቅቅም። አንድ ጊዜ ሰውነቱ የተቆጣበት ሰው ከዚያ በኋላ በጥቂቱ ብቻ አስም ሊነሣበት፣ ሙያውንም ሊያጣ ይችላል። የወረቀት ጭምብል ከንቱ ነው። ካርትሪጅ ያለው ጭምብልም ማለቁን አይናገርም፣ በጢም ላይ ደግሞ አይገጥምም፤ አየር በፀጉሩ መካከል ይገባል። ጢሙን ለሚያሳድግ ሙስሊም መፍትሔው ንጹሕ አየር በቱቦ ከውጭ የሚመጣለት፣ ራስን የሚሸፍን ልል ኮፍያ ነው። ይህ በቤት ለሚሞክር ብቻ የተነገረ አይደለም። በየሰናዒያው ሠፈር ቀን ሙሉ የሚረጩ ሠራተኞች መካከል ሀበሾችም አሉ፤ ጭምብሉን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። ይህን መሣሪያ ማግኘት ያልቻለ የቤት አዳሽ እስከ መሠረት ቀለሙ በራሱ ሠርቶ የመጨረሻውን ርጭት የመርጫ ክፍል ላለው ጋራዥ ቢሰጥ የሚያፍርበት ነገር የለም።

ጓንትም እንዲሁ አይተውም። በእጅ ላይ ተጋግሮ ውሃ ወደ ቆዳ እንዳይደርስ የሚከለክል ቀለም ለውዱእ መነሣት አለበት፤ በቀን አምስት ጊዜ እጅን በቲነር የሚያጥብ ሰው ግን ቆዳው ይሰነጣጠቃል፣ ቲነሩም ወደ ሰውነቱ ይገባል። ርካሹ የናይትራይል ጓንት ሁለቱንም ችግር ያስቀራል።

የደረቀው ቀለም በ1500 ከዚያም በ2000 ወረቀት በውሃ ተፈትጎ ይወለወላል። ሰም ግን ወዲያው አይቀባም፤ እንደ ቀለሙ ዓይነት ከ30 እስከ 90 ቀን ውስጡ የቀረው ፈሳሽ ሊተን ይገባል። እስከዚያ የጎማ ማኅተሞቹ፣ መስታወቶቹና የኒኬል ጌጦቹ ከየከረጢታቸው እየወጡ፣ መደላድል ብረቶቹም በደብተሩ መሠረት እየተመለሱ፣ በሩ በአንድ ጣት ግፊት እስኪዘጋ ድረስ ይስተካከላል።